እጄ ቅባት ነክቷል

መተማ ዮሐንስ፣ ጥር 26 ቀን

ለውድ እናቴ፤

እንዴት ከርመሻል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ሙቀቱ ብቻ ነው ያማረረኝ። በጥር እንዲህ ካለ መጋቢትን እንጃ። ወገብሽን እንዴት አደረገሽ? ጉልበትሽስ? ዓይንሽስ? ጎረቤታችን እትዬ አሰበች ደህና ናቸው? የእጅሽን ነገር ሆን ብዬ ነው የዘለልኩት፤ ወደ ታች እመጣበታለሁ።

ስልኩ አንድ ቀን ሠርቶ ሦስት ቀን ስለሚጠፋ ይሄን በአጎቴ ልጅ በትዕዛዙ እጅ ልኬልሻለሁ። ቢሠራም በስልክ አልነግርሽም ነበር። በስልክ አንቺ ትቆጪኛለሽ፣ እኔ አለቅሳለሁ፣ ካርዱ ያልቃል።

ባለፈው ደብዳቤሽ «እንሶስላ ለመቀባት አራት ወር ምን ያስተምራል?» ብለሻል። እማዬ፣ እንሶስላ አይደለም! ሂና ነው፤ ሥዕል ነው። ከሙሽራዋ ጣት ጫፍ እስከ ክርኗ ሐረግ፣ ቅጠልና አበባ ይሳላል፤ አንዴ ከያዘ ደግሞ ስንት ቀን አይለቅም። አንቺ ከመጥለፍሽ በፊት ጨርቁ ላይ ንድፉን ትስዪ የለ? እሱን በሰው ቆዳ ላይ አስቢው።

አራት ወር የፈጀብኝ እኔ ደንቆሮ ሆኜ አይደለም። አስተማሪዬ እትዬ ዘሀቢያ፣ ከድንበሩ ማዶ መጥተው እዚሁ የቀሩት ሴትዮ፣ ሰው የሚያሳብዱ ሆነው ነው። የመጀመሪያውን ሦስት ሳምንት ሂና በዓይኔም አላየሁ። ትሪ ላይ ሰሊጥ አፍስሰው «በጣትሽ ክብ ሳዪ» አሉኝ። ሳልኩ። «በአንጓሽ አይደለም፣ ከትከሻሽ!» አሉና ትሪውን ነቅነቅ አድርገው አጠፉት። እንደገና ሳልኩ፣ እንደገና አጠፉት። ሌላው ሰው እዚህ አገር ሰሊጥ ሊነግድ ይመጣል፤ እኔ ክብ ልስልበት መጣሁ!

ሂናውን ሲሰጡኝ ደግሞ ሌላ ጣጣ። ሂና የተሞላውን ሹል ላስቲክ ጨበጥ ሳደርግ «የሰው አንገት ያነቅሽ መሰለሽ እንዴ?» ይሉኛል። ስልካቸው ላይ የሱዳን ዘፈን ይከፍታሉ፤ ዘፈኑ ሲያልቅ «ኸላስ! በቃ!» ብለው ከእጄ ይቀሙኛል። ገና እጄ ሞቅ ሲልልኝ! እጅሽን አራግፊ፣ ጣትሽን ዘርጊ፣ ተነሥተሽ በር ላይ ቁሚ። ከዚያ ሌላ ዘፈን። «ሹያ ሹያ» ይላሉ፣ ቀስ በቀስ ማለታቸው ነው። እኔ እኮ ሥራ የሚጠሉ መስለውኝ ነበር።

በዚህ ላይ አንቺ «እጅሽን አታሞላቅቂው፤ እኔ ሌት ተቀን ጠልፌ ነው ያሳደግሁሽ» ብለሽ ላክሽብኝ። ልክ ነሽ ብዬ ከእሳቸው ተደብቄ ቤቴ ወለሉ ላይ ላስቲክ አነጠፍኩና ሳምንቱን ሙሉ ሂና ሳልኩበት። ዘፈን የለ፣ ኸላስ የለ። የአውራ ጣቴ ሥር ማቃጠል ሲጀምር ዝም አልኩት። ጠዋት ጠዋት አልታጠፍ ሲለኝ ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክሬ ዝም አልኩት። ይሄንን ዘዴ ከማን እንዳየሁት ታውቂያለሽ።

ባለፈው ሐሙስ የአንድ ባለ ሰሊጥ እርሻ ልጅ፣ የሠላማዊት ሂና ነበር። ቀኝ እጇ ለእትዬ ዘሀቢያ፣ ግራው ለእኔ። ካማረልኝ ከፋሲካ በኋላ የሚመጡትን ሙሽሮች ለብቻዬ ሊለቁልኝ ቃል ገብተዋል። ክርኗ ጋ ጀምሬ አንጓዋ ላይ ስደርስ ጣቴ ከዳኝ። ላስቲኩን ልጫነው ብል እምቢ አለ፤ ቀጥሎ ድንገት ተጫነና ባቄላ የሚያህል ሂና ዱብ አለ። ሙሽራዋ ጮኸች፣ እናትየዋ ጮኹ። እትዬ ዘሀቢያ ጠብታውን በስንጥር ጎትተው ቅጠል አደረጉት። የቀረውንም ራሳቸው ጨረሱት።

ሰዉ ሲወጣ የአውራ ጣቴን ሥር ጫን ቢያደርጉት እንደ ሕፃን ጮኽኩ። ይቆጡኛል ስል «ይሄን እልህ ማን አስተማረሽ?» አሉኝ። «እናቴ! ሠላሳ ዓመት ስትጠልፍ አንድ ቀን እጄን አመመኝ ብላ አታውቅም» አልኳቸው፣ በኩራት። ጣቴን ሳይለቁ «እናትሽ የዘይት ክዳን ትከፍታለች?» ብለው ጠየቁኝ።

አዎ ልል አፌን ከፈትኩ። እማዬ፣ ስትከፍቺ አንድም ቀን ትዝ አላለኝም። «አንቺ ክፈቺው፣ እጄ ቅባት ነክቷል» ነው የምትይኝ። ስንት ዓመት ነው እጅሽን ቅባት የነካው? ለገና የላክሽልኝ ቀሚስ አንገቱ ብቻ ተጠልፎ እጅጌውና ጫፉ ባዶ ሲሆን «አሁን ፋሽኑ እንዲህ ነው» አልሽ፤ እኔም ሞኟ ለብሼው ዞርኩ። «እጅሽን አታሞላቅቂው» የሚለው ደብዳቤ ራሱ በእትዬ አሰበች ልጅ የእጅ ጽሑፍ ነው። መነጽሬ ጠፍቶ ነው ብለሻል። እሺ፣ መነጽርሽ ይሁን።

አልጠይቅሽም፤ ብጠይቅሽም መልስሽን አውቀዋለሁ። እኔ ሁለት ሳምንት ሂና እንዳልነካ ተፈርዶብኛል። ዳግመኛ ደብቄ አሳብጬው ከመጣሁ ወደ አገርሽ ግቢ ብለውኛል፤ ሴትዮዋ ደግሞ ያሉትን ያደርጋሉ። ይሄን ደብዳቤ እንኳ የጻፍኩት በሦስት ቀን፣ በሰባት ዘፈን ነው። ተናድጃለሁ እማዬ። በእሳቸው አይደለም፣ በአንቺ ነው። ከአንቺም ይልቅ ያን ሁሉ ዓመት ክዳን ስከፍት ኖሬ ምንም ባልጠየቅሁት በራሴ።

ከደብዳቤው ጋር ሁለት ኪሎ ሰሊጥ አለ። ቆልተሽ እንዳትጨርሺው፣ ለጎረቤትም እንዳታድዪው። ትሪ ላይ አፍስሺና በጣትሽ ክብ ሳዪ፣ ከትከሻሽ። አንድ ዘፈን ሲያልቅ ተዪው። የዚህን ወረቀት ታችኛውን ግማሽ ባዶ የተውኩት ረስቼ አይደለም። መልስ አታስጽፊ። በራስሽ እጅ አንድ ክብ ሳዪበትና በትዕዛዙ መልሺልኝ። ቢንቀጠቀጥም ግድ የለኝም።

እግዚአብሔር ጤናሽን ይመልስልኝ፣ ዕድሜሽን ያርዝምልኝ፣ ለፋሲካ በደስታ ያገናኘን። ስመጣ ክዳኑን ሁሉ እኔ እከፍትልሻለሁ፤ ቅባት ነክቶኛል አትበይኝ እንጂ።

ልጅሽ