ከናስ ሰሌዳው ጀርባ

ለምወድሽ አክስቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽ እንዴት ነው? ደረጃውን አሁንም ሳትደገፊ ነው የምትወጪው ወይስ ምክር ሰማሽ? አዲሱ መነጽርስ ተስማማሽ? እኔ ደህና ነኝ፤ እናቴም ደህና ናት፣ ሰላም በይልኝ ብላለች። ዛሬ የምጽፍልሽ ግን ለሰላምታ ብቻ አይደለም። አንድ ነገር እረፍት ነስቶኛል፤ አባቴ ካረፈ ወዲህ ደግሞ መልሱ ያለው አንቺ ጋ ብቻ ነው።

አንቺ ድሮ በሠራሽበት መሥሪያ ቤታችን ማንም ያልፈለገው ሥራ እኔ ላይ ወደቀ። ቤተ መጻሕፍቱ እየታደሰ ስለሆነ የሰሌዳዎቹን ትእዛዝ አንቺ አዘጋጂ ተባልኩ። ብረት ላይ ሁለት መስመር ማስጻፍ ምን ይከብዳል ብዬ ነበር። ለካስ ቅጹ አሥራ ዘጠኝ ጥያቄ አለው! ናስ ነው ወይስ ስቴንለስ? ውፍረቱ ስንት ነው? ፊደሉ ይጎድጉድ ወይስ ጎልቶ ይውጣ? ብሎኑ ይታይ ወይስ ይደበቅ? ከስንት እርምጃ ይነበብ? ለዚህ ለመጨረሻው ብዬ በሩ ፊት ለፊት ቆሜ፣ ወደ ኋላ እየተራመድኩ «አንድ፣ ሁለት» ስል፣ አላፊ አግዳሚው አብዳለች ሳይል አልቀረም። ደግሞ ሥራው ያዘኝ፤ አሁን መንገድ ላይ ያገኘሁትን ሰሌዳ ሁሉ ሳልዳስስ አላልፍም።

የመግቢያው አሮጌ ሰሌዳ ፊደሉ ስለደበዘዘ በዚያው ልክ በአዲስ እንዲተካ ተወሰነ። ታውቂዋለሽ፤ «ንድፍ» ከሚለው ቃል ቀጥሎ የአባቴ ስም ያለበት ነው። ልጅ ሆኜ በዚያ ባለፍን ቁጥር ካላነሳኸኝ፣ ካላነበብኩት ብዬ አስቸግረው ነበር። ያነሳኛል፤ ግን አንብቤ ሳልጨርስ ያወርደኛል። ዓይን አፋር ስለሆነ ይመስለኝ ነበር።

ሰሌዳውን የፈታው ፊደል ቀራጩ ነው። ሁሉን ነገር በሚሊሜትር ስለሚለካ «ሚሊ» እንለዋለን፤ ምሳ ሲጋበዝ እንኳ «አምስት ሚሊ ጨምሩልኝ» የሚል ሰው ነው። ብሎኖቹን አውጥቶ ገልበጥ አደረገው። ከዚያ ጠራኝ። ጀርባውም ተጽፎበታል! ድሮ ናስ እንደ ልብ ስለማይገኝ፣ ስህተት ሲኖር ገልብጠው ይጽፉበት እንደነበር ነገረኝ። እኔም ስህተቱን ፍለጋ ገባሁ። ቀኑ ያው፣ የአሠሪው ስም ያው። ሚሊ በማጉያ መነጽሩ ፊደል በፊደል ሄደበትና «ይሄ ምንም ስህተት የለበትም» አለኝ። ያን ጊዜ ነው ያየሁት። «ንድፍ» በሚለው መስመር ላይ የአያቴ ስም እንዳለ ነው፤ ከፊቱ ያለው ግን የአባቴ ስም አይደለም። ያንቺ ነው።

መጀመሪያ፣ ሁለታችሁም ንድፍ ስለተማራችሁ ወንድምና እህት ተምታተውባቸው ይሆናል አልኩ። ግን አላስችል አለኝ፤ መዝገብ ቤት ሄድኩ። የመዝገብ ቤቷ ኃላፊ «የሠላሳ ዓመት አቧራ ልታስቅሚኝ ነው» እያለች ሁለት ቀን ፈልጋ ማኅደሩን አወጣችልኝ። ንድፎቹን አንድ በአንድ ገለጥኩ። በየወረቀቱ ያሉት ሰባት ቁጥሮች ወገባቸው ላይ አጭር ጭረት አላቸው፤ ልክ አንቺ እኔን እንዳስተማርሽኝ። አንቺ እኮ «እኔ እዚያ መሥሪያ ቤት ሥራዬ እርሳስ መቅረጽ ነበር» ነበር የምትዪን!

ከመጨረሻው ንድፍ ሥር አንዲት አጭር ማመልከቻ ነበረች። «ንድፉን የሠራው ወንድሜ ነው፤ የእኔ ስም በስህተት የገባ ስለሆነ በእርሱ እንዲተካልኝ» ትላለች። ፊርማው ያንቺ ነው። ቀኑ እኔ ከመወለዴ አሥራ ሰባት ቀን በፊት ነው።

እናቴን እንደ ዋዛ፣ አባቴ ሥራ የያዘው መቼ ነበር አልኳት። «አንቺ በተወለድሽ ሳምንት» አለችኝ። «ዓመት ሙሉ ደጅ ጠንቶ ያጣውን፣ ያን የመሰለ ሕንፃ የነደፈ ሰው ነው ተብሎ ወዲያው ቀጠሩት።» ከዚህ በላይ አልጠየቅኋትም።

አክስቴ፣ ልወቅስሽ አይደለም፤ ማወቅ ነው የፈለግሁት። ሕንፃው የተመረቀ ቀን የት ቆመሽ ነበር? አጨበጨብሽ? ከአባቴ ጋርስ አንድ ቀን እንኳ አንስታችሁት ታውቃላችሁ? ከዚያ ወዲህ ንድፍ የሚባል ነገር ያልነካሽው ለምንድን ነው?

ለዋናው መሐንዲስ ሁሉንም አሳየሁት። መጀመሪያ «የድሮውን ጽሑፍ እንዳለ ቅጂውና ተገላገዪ» አለኝ። ማመልከቻዋን ሁለቴ ካነበበ በኋላ ግን ድምፁ ተለወጠ፤ የጻፈችው ራሷ ከፈረመች ይስተካከል አለ።

ስለዚህ እንዲህ አረቀቅሁት፤ ያንቺ ስም፣ «እና»፣ የአባቴ ስም፣ ከዚያ የአያቴ ስም ለሁለታችሁም አንዴ። የአባቴን ማውጣት አልሆነልኝም። አባቴ ነውና። ሚሊ ለክቶ፣ መስመሩ ስለረዘመ ፊደሉ በሁለት ሚሊ ማነስ አለበት አለኝ። ቅር ብሎት ይሆን ብዬ ሳየው፣ «ለአንድ ሰው ሁለት ሚሊ አይበዛም» ብሎ ወደ ሥራው ዞረ።

ረቂቁን ከዚህ ደብዳቤ ጋር አድርጌዋለሁ። ከታች «የስሙን አጻጻፍ አረጋግጫለሁ» የሚል መስመር አለ፤ እዚያ ላይ ፈርሚልኝ። ካልፈለግሽ ሰርዢው፣ አልቀየምሽም። ብቻ ምክንያቱን ጻፊልኝ፤ «በስህተት» የሚለውን እኔ አልቀበልም።

ዕድሜሽን ያርዝመው፣ ጤናሽን አይንሳሽ፣ እጆችሽን ይባርክልኝ።

ናፋቂሽ፣
የወንድምሽ ልጅ፣ ያንቺም ልጅ