የሊድስ ባሕር

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ በሁዳዴ

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፤

እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? የእንግሊዝ አገር ዝናብ እንዴት ይዞሃል? እኔ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴም ቢሆን የሚያኮርፈው ደረጃ ሲያይ ብቻ ነው። እህትህ ትርሲት ደህና ናት ልበልህ እንጂ፣ እውነቱን ንገሪኝ ካልከኝ አላውቅም። ባሏ በፈቃዱ እንደ ድሮው ከኤርፖርት ሰው ሲያመላልስ ይውልና ጫማውን ሳያወልቅ ሶፋው ላይ ይተኛል። ልጃቸው ቤዛዊት ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ልትዳር ነው፤ የሰርጉ አዳራሽም እዚሁ አጠገባችን አሌክሳንድሪያ ተይዟል። ይሄን እንኳ ታውቃለህ።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አስጻፈሽ ትለኝ ይሆናል። እኔም ግራ የገባኝ እሱ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ቴሌ ኦፕሬተር ሆኜ ሰውን ከሰው ሳገናኝ ኖሬ፣ ዛሬ እኔን ከገዛ ልጄ ጋር የሚያገናኘኝ ጠፋ። እሑድ እሑድ ከቤተክርስቲያን ስንመለስ ትደውል አልነበር? ከጥምቀት ወዲህ ዝም አልክ። ትርሲት መጀመሪያ ሺፍቱ ተቀይሮ ነው አለችኝ። ቀጥላ ስልኩ ውኃ ውስጥ ወድቆ ነው አለች። ከዚያ ደግሞ ቤት እየቀየረ ነው። አንዱን ብቻ ብትነግረኝ አምን ነበር፤ ሦስቱንም ስትደራርብብኝ ግን መጠርጠር ጀመርኩ። ስልኳን አንሥቼ ራሴ ደወልኩ። አንዲት ሴት በእንግሊዝኛ በትሕትና የሆነ ነገር ብላ ዘጋችው። በፈቃዱን ብጠይቀው ዓይኔን ሳያይ፣ ኔትወርክ ነው እማማ፣ አይጨነቁ አለኝ። ለቴሌ ሰው ነው እንግዲህ ኔትወርክ የሚለው። መስመር ሲበላሽና የሚያነሳ ሰው ሲጠፋ አንድ እንዳልሆነ እኔ ነኝ የማስተምረው።

ከዚያ ፎቶዎቹ መምጣት ጀመሩ። ትርሲት ሥራ ቦታዋ በትልልቅ ወረቀት ፕሪንት እያደረገች አርብ አርብ ታመጣልኛለች። ልጅሽ ልኮልሽ ነው ትለኛለች። የመጀመሪያው ቁልቁል የሚወርድ ጠባብ የድንጋይ መንገድ ነው፤ ሱቅ በር ላይ ሽርጥ የለበሰ ወፍራም ሰውዬ ቆሟል። ጥቁርና ነጭ ነው። ምነው ከለር የለውም ብላት፣ እዚያ አገር አሁን ፋሽኑ እንዲህ ነው እማዬ አለችኝ። እሺ አልኩ። አንተም እኮ ከልጅነትህ ጀምሮ አሮጌ ነገር ስትለቃቅም ነው የኖርከው። ከሥሩ በእንግሊዝኛ የተጻፈውን በአማርኛ አነበበችልኝ። ቅዳሜ ጠዋት የዚህ ዳቦ ቤት ሰልፍ እስከ ቤተክርስቲያኑ በር ይደርስ ነበር፤ ሽታው ዛሬም ድረስ ይመጣብኛል ይላል። ደስ አለኝ። በስልክ ደህና ነኝ፣ በልቻለሁ፣ ቻው ከማለት በቀር አንደበት ያልነበረው ልጄ ደራሲ ሆነ ብዬ ፍሪጁ ላይ ለጠፍኩት።

ቀጥለው ከመጡት አንድ የባቡር ጣቢያ ነበር፣ የጣቢያው ኃላፊ በእጁ የተከላቸው አበቦች ዙሪያውን የከበቡት። ቁምጣ የለበሱ ተማሪዎች በረዶ ላይ ተሰልፈው የተነሡት ነበር። ብርዱ ለእኔ ተሰማኝና ለመሆኑ እናት የላቸውም ወይ አልኩ። የገጠር መንደር፣ የድንጋይ አጥር፣ በጎች፤ ከበጎቹ ኋላ ብስክሌት የያዘ ፖስተኛ። በየሥሩ ጽሑፍ አለው፤ ያ ሱቅ ፈርሶ መኪና ማቆሚያ ሆነ፣ ያ ሲኒማ ቤት ተዘጋ፣ ያቺ ከረሜላ የምትሸጥ ሴትዮ ስሟ ማን ነበር የሚል። አልዋሽህም ልጄ፣ ወደድኳቸው። አርብ ሲሆን ትርሲት ኮቷን ሳታወልቅ፣ አመጣሽ ወይ እላታለሁ።

አንድ አርብ ባሕር መጣ። ጀልባ ተደርድሮ፣ መረብ ለፀሐይ ተሰጥቶ፣ ሴቶች ዓሣ ሲያጸዱ። ትርሲት አነበበች፤ ከቤታችን ወጥተን ስንሮጥ ትንፋሽ ሳያጥረን ባሕሩ ዳር እንደርስ ነበር ይላል። ቆይ ቆይ አልኳት። የምትኖርበት ሊድስ ባሕር የለውም። ራስህ አይደለህ የነገርከኝ? ከማኅበር ሰዎች ጋር በአውቶብስ ባሕር ለማየት ሄዳችሁ፣ መንገዱ ረዝሞ ወገቤ ተቆረጠ ያልከኝ አንተ አይደለህም? ትርሲት ፍሪጁን ፍሪጁን እያየች፣ አለው እኮ እማዬ፣ ረስተሽው ነው አለችኝ። በዚያው ሰሞን ምድጃውን ሳላጠፋ ወጥቼ የሕንፃው የእሳት ደወል ጩኸት አገሩን አዳርሶት ነበርና፣ እውነትም እየረሳሁ ይሆን እንዴ አልኩ።

ቀጥሎ የመጣው ግን ጨርሶ አደናገረኝ። ወንዝ ነው፣ ድልድይ አለው፣ ከድልድዩ ሥር ዳክዬዎች። እናቴ እዚህ እያመጣችኝ ለዳክዬዎቹ የደረቀ ዳቦ እንወረውር ነበር፤ ቀይ ኮት ነበራት፤ ከሩቅ ሳያት እሮጥ ነበር ብላ አነበበችልኝ። አንብባ ሳትጨርስ ወረቀቱን ጭኔ ላይ አኖረችው። የቷ እናቱ ናት ብዬ ጠየቅኳት። እኔ እንግሊዝ አገርን ረግጬ አላውቅም። ተነሥታ መታጠቢያ ቤት ገባችና ውኃውን ከፍታ ቆየች። እኔ ፎቶውን ይዤ ተቀመጥኩ። አትሳቅብኝ፣ ትንሽ ቆይቼ ተነሣሁና ቀይ ኮት አለኝ ወይ ብዬ ቁም ሳጥኔን ከፍቼ አየሁ።

ከዚያ በኋላ ሐኪም ዘንድ ወሰዱኝ። አንድ ቀጭን ልጅ እግር ዶክተር ሰዓት ሥዪ አለኝ፣ የእንስሳት ስም ጥሪ አለኝ፣ ዛሬ ቀኑ ስንት ነው አለኝ። ትርሲት ልታስተረጉምልኝ ስትል ተይው ብዬ በራሴ እንግሊዝኛ መለስኩለት። ጭንቅላትሽ ከእኔ ይሻላል አለኝ። ትርሲት ደስ ሊላት ሲገባ ፊቷ ጨለመ። እኔም ብሆን በመኪና ስንመለስ አንገቴን ደፍቼ ነው የመጣሁት። በሽታው ጭንቅላትሽ ላይ ነው ቢለኝ ኖሮ ምንኛ በወደድኩ። ያኔ ሊድስ ባሕር ይኖረዋል፣ እኔም ቀይ ኮት ይኖረኛል፣ አንተም ሥራ በዝቶብህ ነው ማለት ነው። ጭንቅላቴ ደህና ከሆነ ግን ደህና ያልሆነው ሌላ ነገር ነው። በዚያ ሰሞን ቆሜ የጸለይኩት ጸሎት ያበድኩት እኔ ልሁን የሚል ነበር።

የቤዛዊትን ቀሚስ ለመለካት አሌክሳንድሪያ የበፈቃዱ ወንድም ሀይሉ ቤት ሄድን። በጋራዡ በኩል ስንገባ የሚታጠፉ ወንበሮች እስከ ጣሪያው ተደርድረዋል፤ የቤተክርስቲያናችን ማኅበር ትልልቅ ድስቶችም አሉ፤ የውኃ ካርቶንም አለ። ምንድን ነው ይሄ ብል የሀይሉ ሚስት ለሰርጉ ነው አለችኝ። አዳራሹ የራሱ ወንበር አለው፤ ምግቡንም የሚያቀርብ ሰው ተቀጥሯል። ከአንዱ ወንበር ሥር የተጨማደደ ሶፍት ወድቆ አየሁ። ሳሎን ስገባ ደግሞ ልሳነወርቅ ተቀምጣለች፤ ያቺ የቴሌዋ ጓደኛዬ፣ ለእኔ ብላ እንኳ ከመኖሪያዋ ከውድብሪጅ ንቅንቅ የማትለዋ። ሁለት እጄን ይዛ፣ እግዚአብሔር ያጥ… ብላ ጀመረችና ዋጠችው። ከዚያ ስለ ብርዱ ታወራ ጀመር። እኔም ስለ ብርዱ አወራሁ።

ልብስ ሰፊዋ ቀሚሱን በስፒል እያያያዘች ሳለ ሌላው ሰው ሲወጣልን፣ እነዚህ ፎቶዎች ከየት ነው የሚመጡት ብዬ ቤዛዊትን ጠየቅኳት። እሷ ምንም አታውቅም፤ ከእሷም እንደደበቁ ያኔ ገባኝ። ስልኳን አውጥታ ደስ ብሏት አሳየችኝ። በዚያ በግማሽ አማርኛዋ፣ ዌብሳይት ነው ግራንድማ አለችኝ፤ የእንግሊዝ ከተማና መንደር ሰዎች የድሮ ፎቶ ያስቀምጡበታል፣ ያረጁት ደግሞ ትዝ የሚላቸውን ይጽፉበታል። ማሚ ቤት ከመግባቷ በፊት መኪና ውስጥ ሆና እሱን እያየች ታለቅሳለች፣ የሰርጉ ስትረስ ነው መሰለኝ አለችኝ። ቀጥላ፣ አጎቴ ይመጣል አይደል፣ ከእኔ ጋር እስክስታ ሊወርድ ፕሮሚስ አድርጎኛል አለች። እኔ እናትህ ምን እንዳልኳት ታውቃለህ? አይመጣም፣ ሥራ ቦታው ፈቃድ ከልክሎታል አልኳት። እንዴት ከአፌ እንደወጣ አላውቅም። ዓይኗ እንባ ሞላ፣ ልብስ ሰፊዋም ቀሚሱ ላይ እንዳታንጠባጥቢ ብላ ተቆጣቻት።

እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእነሱ አንዷ ሆንኩ። የእኛን ሥርዓት ታውቀዋለህ። ዛሬ ከነገሩኝ መጮኽ አለብኝ፤ ቤቱ በሰው ይሞላል፤ ሰርጉ ይቀራል፤ ያ ቀሚስ ይታጠፋል፤ ልጅቷም ትዳሯን በጥቁር ትጀምራለች። ትርሲት ይሄን ሁሉ ብቻዋን አስባ፣ ሰውን ሀይሉ ቤት አስቀምጣ አስለቅሳ፣ እኔ ፊት እየሳቀች ትገባለች። ስለዚህ አልጠይቃትም። ያልነገሩኝን ነገር አላውቀውም፤ ሥርዓቱም እንደዚያ ነው። እንዲህ እልና ደግሞ በማግስቱ ጠዋት ስነሣ ይደናገረኛል። ምናልባት እውነት ስልኩ ውኃ ውስጥ ወድቆ ቢሆንስ እላለሁ። ያ ሐኪም ልጅ ነው፣ ምን ያውቃል እላለሁ።

ባለፈው አርብ ትርሲት ባዶ እጇን ገባች። ፊቷ ከስቷል። ልጄ ዛሬ ምንም አልላከልኝም ወይ አልኳት፣ እኔው ራሴ። ደንግጣ አየችኝ። በማግስቱ አንድ በበረዶ የተሸፈነ መንደር አመጣችልኝ፤ ሁለት ጊዜ እንድታነብልኝ አደረግኩ። ከዚያ ራስሽን አሞሻል መሰለኝ፣ ነይ ጭኔ ላይ ተኚ አልኳት። አዎ እማዬ፣ ራሴን ነው አለች። ፀጉሯን እየዳበስኩ፣ የሰርግ ሥራ ከባድ ነው፣ ራስ ምታት ደግሞ ሰውን ያስለቅሳል፣ አልቅሺለት አልኳት። አለቀሰች። ቀሚሴ እስኪርስ አለቀሰች። እኔ አላለቀስኩም፤ የእኔ ተራ ገና ነው።

ያቺን ባለ ቀይ ኮት ሴትዮ እያሰብኳት እውላለሁ። ስሟን አላውቅ፣ አገሯን አላውቅ። ልጇ ሸምግሎ ዳክዬዎቿን ያስታውስላታል። ቀናሁባት። በእኛ የተገላቢጦሽ መሆኑ አናደደኝ፤ አስታዋሿ እኔ መሆን አልነበረብኝም። ለእግዚአብሔርም ነግሬዋለሁ፣ ተቆጥቼ ነው የነገርኩት።

ከመልሱ ድግስ በማግስቱ ማለዳ ይመጣሉ። ቄሱ፣ ሀይሉ፣ ልሳነወርቅም ጎሕ ሳይቀድ ከውድብሪጅ ተነሥታ። አንተ ጀምር፣ አንተ ጀምር እየተባባሉ ደጅ ላይ ይቆማሉ። እኔ ለብሼ፣ ወንበር ወደ በሩ አስጠግቼ እጠብቃቸዋለሁ። ሳያንኳኩ እከፍትላቸዋለሁ። እስከዚያ ግን ሰርግ አለብኝ። ቤዛዊት እንዳትከፋ ብዬ ባንተ ፋንታ እስክስታውን እኔ እወርድላታለሁ፤ ጉልበቴ እንደፈለገ ይሁን።

እናት ደብዳቤ ስትዘጋ ዕድሜና ጤና ይስጥህ ትላለች። እሱን ልጽፍ ብዕሬን አንሥቼ ቆየሁ፤ ምን ብዬ እንደምመርቅህ ግራ ገባኝ። የወለድኩህ ቀን የተባረከ ይሁን። ያሳደገህ ጡቴ አይከፋብህ። እመብርሃን በቀኝህ ትቁም።

ባለህበት አይብረድህ፣ ልጄ።

እናትህ