መዝጊያው እጁን ያነሳ ዕለት

ኅዳር 4

የወንድሜን አንሶላ ቀየርኩ። ሠራተኛዋ ትናንት ያነጠፈችው ተጨማዶ ነበር። ነገርኳት፤ አኮረፈች። ታኩርፍ። የታመመ ሰው ጀርባ ቀልድ አያውቅም።

ሾርባውን ግማሽ ጠጣ። ሐኪሙ ሲወጣ በር ላይ አቆመኝ። ወሩን መጨረሱን እንጃ አለኝ...

ኅዳር 6

የወንድሜ የድሮ ጓደኛ፣ መዝጊያው፣ ዛሬም ከመንገዱ ማዶ ቆሞ መስኮታችንን ሲያይ ቆየ። አልገባም። ወንድሜ ስሙ በፊቴ እንዳይነሳ ካለ ስድሳ ዓመት ሊሞላው ነው።

ሕፃን ነበርኩ። አባታችን አጥሩ ሥር አግዳሚ ላይ አቁሞኛል። የዋንጫ ጨዋታ። ወንድሜ አጥቂ፣ ጓደኛው በረኛ። ኳስ አያሳልፍምና መዝጊያው አሉት። ያኔ ጎሉ መረብ የለውም። ኳስ በቋሚዎቹ መሃል ትለፍ በውጭ፣ ከሩቅ አይለይም። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል የእኛዎቹ ሁሉ፣ አጥቂው ሳይቀር፣ ጎሉን ሊከላከሉ ተመለሱ፤ አንዷ ኳስ ሽው ብላ አለፈች። ዳኛው ጭቃው አንሸራትቶት ወድቆ አላየም። የእኛዎቹ በሙሉ ውጭ ናት ብለው ጮኹ። መዝጊያው ብቻ እጁን አነሳ። ገብታለች አለ።

ዋንጫው ሄደ። ወንድሜን ሊወስደው የመጣው ትልቁ ቡድንም ሄደ። ማታውኑ የመዝጊያው መስኮት በድንጋይ ረገፈ፤ ከሃዲ ተባለ። አባቴ ግን፣ “ሰው ማለት ይኼ ነው” አለኝ። ከዚያ ወዲህ ስፌቴ ከተጣመመ፣ ማንም ባያየው እንኳ ፈትቼ እሰፋለሁ።

ኅዳር 9

ወንድሜ ራሱ ስሙን አነሳ። ደነገጥኩ።

“ያ መዝጊያ አልሞተም?”

አለ አልኩት።

“ይምጣና ውጭ ነበረች ይበለኝ። አንዴ። ከዚያ እሞትለታለሁ።” ሳቀ። ሳሉ ሳቁን ቆረጠው።

ለሚሞት ሰው አንዲት ቃል ቢዋሹ ምን አለበት?... ይህን የምጽፈው እኔ ነኝ?

ኅዳር 10

መዝጊያው ጫማ የሚያድስባት ጠባብ ክፍል ሄድኩ። ጣቶቹ ኳስ ሰባብሯቸው ጎብጠዋል፤ ወስፌውን በመዳፉ ነው የሚገፋው። ለመንኩት። እኔ! ውሸት ልለምን...

“አንቺ ልጅ፣ ከባድ ነገር አመጣሽብኝ” አለ። ፀጉሬ ጥጥ መስሎ ልጅ ይለኛል። እመጣለሁ አለኝ። እዋሻለሁ ግን አላለም።

ኅዳር 11

መጣ። ባርኔጣውን አውልቆ አልጋው አጠገብ ቆመ። ወንድሜ አፈጠጠበት።

“እህ?”

መዝጊያው ባርኔጣውን ደረቱ ላይ ያዘ። ከዚያ፣ “ገብታ ነበር” አለ።

ወንድሜ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሰውየውን እስከ በር እንኳ አልሸኘሁትም። ድንጋይ! ሸምግሎም ድንጋይ።

ኅዳር 13

ወንድሜ ዐረፈ። ፊቱን ሳይመልስ።

ኅዳር 15

ቀበርነው።

ከቀብር ስንመለስ የወንድሜ ልጅ መዝጊያውን በር ላይ ገታው። አባቴን አሳዝነው ገድለው ደግሞ ለቅሶ ይደርሳሉ ወይ አለው። ሰው ሁሉ ሰማ። መዝጊያው አንገቱን ደፍቶ ተመለሰ።

ተከተልኩት። ላጽናናው አልነበረም። መንገዱ መታጠፊያ ላይ ደረስኩበት፣ አንዲት ቃል ምን ያጎድልብዎት ነበር አልኩት።

“ብዋሸው ያውቅብኝ ነበር” አለ። “የግራውን ቋሚ ተደግፎ የቆመው እሱ አይደል? ኳሷ ለእሱ ነበር የምትቀርበው።”

ቶሎ አልገባኝም። ሲገባኝ የሰው አጥር ያዝኩ። ወንድሜም አይቷል... አይቶ ነው ስድሳ ዓመት ያኮረፈው። ይኼ ሰው ደግሞ መስኮቱ ሲረግፍ፣ ከሃዲ ሲባል፣ ወንድሜን ጠቁሞ እሱም አይቷል ቢል ኖሮ ግማሹ ሸክም ይወርድለት ነበር።

“ለምን አልተናገሩም?”

“እኔ የማነሳው የራሴን እጅ ነው” አለኝ። ቀጥሎ ደግሞ፣ “ለልጁ እንዳትነግሪው። አባቱ ነው።”

ክንዱን ይዤ ወደ ቤት መለስኩት። የወንድሜ ልጅ ሲያየን ብድግ አለ።

“ከእኔ ጋር ናቸው” አልኩት።

ምክንያቱን ጠየቀኝ። እንደገና ጠየቀኝ፣ በቁጣ። መዝጊያውን ወንበር ላይ አስቀመጥኩና አጠገቡ ተቀመጥኩ።

ልጁ ካፖርቱን አንሥቶ ወጣ። ከእንግዲህ ደጄን የሚረግጥ አይመስለኝም።