አማትሽ የላኩት ጀሪካን

ጥቅምት 27፣ ቅዳሜ ጠዋት

ለሆዴ፣ ለምወድሽ ልጄ፤

እንዴት ከርመሻል? ሆድሽስ እንዴት ነው፣ ገፋ? እኛ ደህና ነን። የአባትሽም ጉልበት ተሽሎታል፤ ምላሱማ መቼ ታሞ ያውቃል! ይሄን ሁሉ በስልክ ልነግርሽ እችል ነበር፤ ግን አጠገቤ ተቀምጦ እየሰማ ይስቅብኛል። ስለዚህ ጻፍኩት።

አማትሽ ጀሪካኑን የላኩ ጊዜ የሆነውን ደብቄሽ ነበር። "እሳቸው" የምላቸው አስተዳደጌ ይዞኝ ነው እንጂ ልቤስ ሌላ ነው የሚለው። ያመጣው ያ ወሬ የማይቋጥረው ሾፌር ነው፣ ጥሩምባ የምንለው። ገና ከመኪናው ሳይወርድ፣

"እንኳን ደስ አለዎት! አያት ሊሆኑ ነው!" አለኝ።

"ማን አለ?"

"የልጅዎ አማት ናቸው የነገሩኝ። አልሰሙም እንዴ?"

"ኧረ ሰምቻለሁ" አልኩት። ምን ልበል? ጀሪካኑን ይዤ ገባሁና ማድ ቤት ቆሜ አለቀስኩ። ደስታም ነበረበት፣ አልዋሽሽም። ግን እኔ እናትሽ ከጥሩምባ ልስማ? በማግስቱ ደውለሽ ስትነግሪኝ እንደ አዲስ ጮህኩ። አባትሽ "ተዋናይ ነሽ" አለኝ።

ክዳኑን ስንከፍተው ቤቱ የዓሣ ገበያ ሸተተ። አባትሽ ግን እንደ ሽቶ ነበር የሳበው። "እነሱ አገር ባሕሩ ወደ ዳር የሚተፋውን ሣር ራሳቸው ለቅመው፣ አጥበው፣ ቀቅለው፣ አጥልለው የሠሩት ማዳበሪያ እኮ ነው! በውኃ አቅጥኖ ስንዴው ላይ መርጨት ብቻ። እንዴት ያሉ ሴት ናቸው!" ዕድሜዬን ሙሉ ስንዴ ሳርም ስኮተኩት "እንዴት ያለሽ ሴት ነሽ" ያለኝን ቀን አላስታውስም።

እኔም ለክፋቴ መንገድ ዳር ያለችውን ጭንጫ መሬት መረጥኩ፤ ከድንጋይ በቀር የሚበቅልባት የለም። አበላሽታ ረጨችው እንዳልባል ልክ እንዳዘዙት አቀጠንኩት። መርጫውን አዝዬ፣ ፀሐይ ሳይበረታ የዚያችን የቀጨጨ ስንዴ ቅጠል አራስኩት። ሳይሠራ ሲቀር "ይኸው የአማትሽ ጉድ!" ልልሽ ነበር።

ከዚያ ዝናቡ ቀረ። ዓመቱን የምንበላበት የታችኛው ማሳ ጫፉ ቢጫ እየሆነ ሄደ። ያቺ ጭንጫ ግን አረንጓዴ እንደሆነች ቆመች! መንገደኛው ሁሉ እየቆመ "ምን አደረግሽላት?" ሲለኝ፣ አባትሽ ቀድሞኝ "የልጃችን አማት ናቸው!" ይላል። አንጀቴ አረረ። በገዛ መሬቴ፣ በገዛ ጀርባዬ ተሸክሜ የእሷን ስም አስጠራሁ። ይኸው "እሳቸው" ማለቱንም ረሳሁት።

ቅናት ግን እንጀራ አይሆንም። ኩራቴን ዋጥ አድርጌ የተረፈውን የታችኛው ማሳ ላይ ረጨሁት። ኋላ ዝናቡም መጣ። እንደ መንገድ ዳሯ ባይሆንም ፍሬ ይዟል፤ ዘንድሮ አንራብም። ለእሳቸው ምስጋናዬን አድርሺልኝ። ከልቧ ነው በያቸው፤ ትንሽ ቢጎድለውም አይታወቅም።

ልጄ፣ ቀድመሽ ስላልነገርሽኝ አልቀየምኩም። እሳቸውም ነግረሻቸው አይደለም ያወቁት። ጥሩምባ እንዳወራኝ፣ ጠዋት ሲያስመልስሽ አይተውሽ፣ ግንባርሽን ይዘው ነው ያወቁት። ያንገበገበኝም እሱ ነው። ወሬውማ ምን ይሆናል፤ ያ እጅ የእኔ መሆን ነበረበት።

አጨዳው እንዳለቀ እመጣለሁ። አልጋ አታዘጋጂልኝ፣ ከእግርሽ ሥር ፍራሽ ይበቃኛል። ከእሳቸው ጋር አልጣላም፤ የባሕሩንም ሣር አብሬ እለቅማለሁ። ነገር ግን ምጥ ሲይዝሽ "እማዬ!" ብለሽ መጮኽሽ አይቀርም። ሁለታችንም፣ "እማዬ" የምትይን፣ በሩ ላይ እንሆናለን። የትኛችንን እንደጠራሽ አትናገሪ፤ እኔ ቀድሜ እገባለሁ።

ማሕፀንሽ ይባረክ፣ በሰላም ያገላግልሽ።

እናትሽ፣ የወለድኩሽ