የአባዬ ስም እና የልብ ዝገት

ጥቅምት 4
ቀኑን ቤተ ሙከራ ውስጥ ባክቴሪያዎቼ በሉት። ጠዋት ግማሾቹን ትንሽ ፐርኦክሳይድ አቀመስኳቸው፤ ያ ቁስል ላይ ሲያፈሱት አረፋ የሚደፍቀውን። ከሰዓት በኋላ ለሁሉም ብዙ ሰጠኋቸው። ጠዋት የቀመሱት ተረፉ፣ ያልቀመሱት አለቁ። አንድ ጂን አለ፣ እኛ ዘበኛው እንለዋለን። ትንሹ ሲነካው ይነቃና ሌሎቹን ጂኖች ይቀሰቅሳል። እሱን ከቆረጥንባቸው ግን ቢቀምሱም አይተርፉም።

ስመለስ አባዬ ጋ ገባሁ። የብረት በር ሲበይድ ያረጀ ሰውዬ፣ ልቡ ከታመመ ወዲህ ቤት ውሎ ሁሉን ሰው ያርማል። መድኃኒቱን በደንብ እየወሰደ እንደሆነ ጠየቅኩት። እሱ የጠየቀኝ ሌላ፦ «መቼ ነው የምንታተመው?» የውጭ መጽሔቶች የኔን ስም በአንድ ፊደል ያሳጥሩና የሱን ሙሉውን ያትሙታል። ይህን ከሰማ ጀምሮ ለጎረቤቱ ሁሉ ተመራማሪው እኔ ነኝ፣ እሷ ረዳቴ ናት እያለ ነው። የምንታተመው... ጉድ እኮ ነው።

ጥቅምት 11
ኦክሲጅን ሴል ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት አለቃዬ «ዝገት» ይለዋል። ዛሬ ከጠዋቷ ቅምሻ በፊት ፀረ ዝገት ጨመርኩ፤ ፋርማሲ የሚሸጠውን ዓይነት ቫይታሚን። ይጠነክራሉ ብዬ ነበር። ጭራሽ ድምጥማጣቸው ጠፋ። ቫይታሚኑ ትንሿን ፐርኦክሳይድ ዋጣት፣ ዘበኛው ተኝቶ ቀረ፣ ትልቁ ሲመጣ... ባዶ ፕሌት፣ የሚያድጉበት ሳህን ላይ አንድም የተረፈ የለ። ደጋግሜ ሠራሁት። ያው ነው።

ለአለቃዬ አሳየሁት። ማይክሮፎን ነው የምንለው፣ አንዴ ከጨበጠ አይለቅማ። ይሄ ታሪካችንን ያበላሻል፣ ይቆየን አለኝ። ታሪክ? ተረት ነው እንዴ የምንሠራው?

ጥቅምት 19
ማይክሮፎን ሬዲዮ ላይ ወጣ። የልብ በሽታ ማለት ዝገት ነው፣ እኛ ቤተ ሙከራ መላውን አግኝተንለታል፣ ፀረ ዝገት ቫይታሚን ነው... ባክቴሪያ ልብ የለውም እኮ! ከኔ ፕሌት እስከ ሰው ልብ ስንት ሥራ ይቀራል። እሱ በአንድ ትንፋሽ ዘለለው። ልናገረው አሰብኩ። ኮንትራቴ ሊያልቅ ነው... ዝም አልኩ። ዝም አይነቅዝም ይሉ የለ?

ኅዳር 2
አባዬ ወደቀ። ወንድሜ ነው የደወለው። ሆስፒታል ስደርስ ነፍሱ አለች። ከልቡ ጡንቻ ብዙው ሞቷል አለችን ሐኪሟ። መድኃኒቱን ያቆመው ከመቼ ጀምሮ ነው ብላ ጠየቀች። ማቆም? ምን ማቆም?

ኅዳር 3
የልብ መድኃኒቱ ራስጌው ካለው መሳቢያ ውስጥ፣ ሳይነካ። ኮቱ ኪስ ውስጥ የቫይታሚን ብልቃጥ፣ ሊያልቅ የደረሰ። ሬዲዮውን ሰምቶ ነው። ዕድሜ ልኬን ዝገት ስፍቅ ኖሬ፣ ዝገትን ለኔ ልትነግሪኝ ነው? አለኝ፣ በዚያ በደከመ ድምፁ ሊያስቀኝ እየሞከረ። ለምን አልጠየቅከኝም አልኩት።

«የልጄን ሥራ ምን ብዬ እጠይቃለሁ? ያንቺን ሥራ ነው እኮ የዋጥኩት።»

ኮሪደሩ ላይ ወጥቼ አለቀስኩ። ማይክሮፎንን የእጁን ይስጠው። የኔንስ? ዝም አይነቅዝም ያለው ማነው?

ኅዳር 14
ማይክሮፎን የጥናታችንን ጽሑፍ ለመጽሔት ሊልክ ነው። ባዶው ፕሌት የለበትም። መጀመሪያ፣ አባትሽን እግዜር ይማርልሽ አለኝ። አባቴ የተኛው የእርስዎን ሬዲዮ ሰምቶ መድኃኒቱን በመተው ነው አልኩት። ታዲያ ሐኪም ሳያማክሩ ለምን ተዉት? አለኝ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ። ወይ ፕሌቱ ይግባ ወይ ስሜ ይውጣ አልኩ። እንደፈለግሽ አለና እዚያው ፊቴ ስሜን አጠፋው። ይለምነኛል ብዬ ኖሯል? ሞኝ።

ጥር 9
ኮንትራቴ አልታደሰም። መቼስ ይታደሳል ብዬም አልጠበቅኩ።

መጋቢት 21
አባዬ ከአልጋው እስከ በሩ ለመድረስ መሃል ላይ ቁጭ ይላል። የበየዳቸው በሮች መንደሩን ሞልተውታል፣ የራሱን መክፈት ያቅተዋል።

ዛሬ ጽሑፉ ታተመ። ወንድሜ ምኑንም አያውቅ፣ ደስ ይበለው ብሎ በስልኩ አውጥቶ ሰጠው። አባዬ መነጽሩን አደረገ። ስሞቹን በጣቱ እየነካ ወረደ። ተመልሶ ከላይ ጀመረ።

የለሁም እንዴ? አለ።

ሁሉንም ነገርኩት። ባዶውን ፕሌት፣ ውሸቱን፣ ስሜን ያስወጣሁት ለሱ ስል እንደሆነ፣ ልቡን በበላ ወረቀት ላይ ስሙ እንዳይቀመጥ ብዬ እንደሆነ። እስክጨርስ ሰማኝ።

«ልቤስ ይሁን፣ አርጅቷል። ስሜ ግን ምን አደረገሽ?»

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሰዓቱ ሲደርስ የልብ መድኃኒቱን ሰጠሁት። ዋጠው። ብርጭቆውን ሲመልስልኝ ግን አላየኝም።