የአባባ ሰይድ ቁጥቋጦ

ሰኞ
ዛሬም ሁለቱን እንስሳት የማወዳድርበት ሠንጠረዥ ላይ ተጣብቄ ዋልኩ። በግራ ጥንቸሏ፣ በቀኝ ጉሮሮዋ ቢጫ የሆነችው ወፍ። ሁለቱም እየጠፉ ነው። ጥንቸሏ ሰው ሲመጣ ድርቅ ብላ ትተኛለች፤ ሊረግጧት ሲደርሱ ብቻ ትፈተለካለች። ወፏ ግን ዘፍና ራሷን ታጋልጣለች። የትኛዋ ቀድማ ትጠፋ ይሆን? አብሮኝ ባዮሎጂ የሚያስተምረው ዳዊት "ወፏ" ይላል፣ እኔ "ጥንቸሏ"። ሊያመሳክር ደብተሬን ወሰደ።

ሁለቱንም ያገኘናቸው መርሳ አጠገብ፣ በገበሬው በአባባ ሰይድ ማሳ ጫፍ ላይ ነው። ቁጥቋጦውን መንጥረው ማሽላ ሊዘሩ ሲሉ ለምኜ አስተውኳቸው። ቦታውን ለማንም እንዳንናገር ዱዓ አድርገው "አማና ነው፣ አደራችሁን" አሉን። ዳዊትም እጁን ዘርግቶ "አሚን" ብሏል።

ረቡዕ
ፌስቡክ ላይ አየሁት። የቁጥቋጦው ፎቶ ከነአቅጣጫው፦ "ከመርሳ ወጣ ብሎ፣ ከዋርካው በስተቀኝ..." ቃሉ የኔ ነው፣ ከደብተሬ የተገለበጠ። ስሙ ግን የዳዊት ብቻ። ቢሮው ድረስ ሄድኩ።
"ሰው ካላወቃቸው ማን ያድናቸዋል?" አለኝ።
"አሚኑስ?" አልኩት።
"እሱማ ሽማግሌውን ለማስደሰት ነው።" ሳቀ ደግሞ!
ማመን ቀብሮ ነው። ስንት ዓመት ምሳ አብሬው በላሁ። ለአባባ ሰይድ ልደውል ስልኩን አነሳሁ፤ ፈርቼ መልሼ አስቀመጥኩት።

ቅዳሜ
አባባ ሰይድ ራሳቸው ደወሉ። ሁለት ሚኒባስ ሙሉ ሰው ቁጥቋጦውን ሲያተራምስ ዋለ አሉ። የወፏን ድምፅ በስልክ እያጫወቱ ሲጠሯት እንቁላሏን ትታ ሄደች። ጥንቸሏ ደንግጣ አስፋልት ላይ ወጣች፤ መኪና ጨፈለቃት።
"ማን ነገራቸው ልጄ?"
"እንጃ አባባ" አልኩ።
እንጃ! እኔስ ከዳዊት በምን ተሻልኩ? ሠንጠረዡን ቀደድኩት።

እሑድ
በጠዋት ከወልዲያ መርሳ ወረድኩ። አባባ ሰይድ መጥረቢያ ይዘው ቁጥቋጦውን ግማሽ አድርሰውታል።
"ቦታው የተጻፈበት ደብተር የኔ ነው አባባ። ለዳዊት የሰጠሁትም እኔ ነኝ። ትናንት ዋሸሁዎት።"
ላባቸውን ጠረጉ።
"ወላሂ፣ ከልጁ ይልቅ ያንቺ ከፋኝ። አንቺን እንደ ልጄ ነበር የማይሽ።"
አለቀስኩ። ቀሪውን እንዲተዉልኝ ለመለመን አፍ አልነበረኝም።
"ይህን አልነካውም" አሉ ራሳቸው፣ በመጥረቢያው እጀታ የተረፈውን እያሳዩ። "አማናው ከአላህ ጋር ነው። አንቺ ግን ሁለተኛ እንዳትመጪ።"
"እሺ አባባ" አልኩ።
ዋርካው ጋ ስደርስ ከኋላዬ ወፍ የዘፈነች መሰለኝ። እሷ ትሁን ሌላ ዞሬ ማየት ፈልጌ ነበር። እሺ ብያለሁና መንገዴን ቀጠልኩ።