መጋረጃ የተሰቀለበት ግድግዳ

ማክሰኞ፣ የካቲት 14
ከማዕዘኑ ቤት

ለውዷ ባለቤቴ፣

«ከዛሬ ጀምሮ ይህ ቤት አይነካም!» ስትል በጆሮዬ ሰማሁ። ተናጋሪዋ ከቅርስ ጥበቃ የመጣች መሐንዲስ ናት፤ መንገዱ መሀል ቆማ፣ አንገቷን ወደ ሰገነታችን አቅንታ ለባልደረባዋ ነበር የምትነግረው። እኔም ቃሏን እንደ ወረደ ተቀበልኩት። ሦስት ቀን ሙሉ አቧራ አላራገፍኩም፤ የሚንጠባጠበውን ቧንቧም አላጠበቅኩም። በዕድሜዬ ከባሕርዬ ጋር እንዲህ የተስማማ ትእዛዝ ከመንግሥት ወጥቶ አያውቅም። በአራተኛው ቀን ፀጉር አስተካካዩ ጎረቤታችን «ጋሼ፣ አይነካም ማለት አይጠረግም ማለት አይደለም እኮ» ብሎ መጥረጊያ አቀበለኝ።

እንዴት ሰነበትሽ? የእህትሽ ጉልበት ተሻለው? ደረጃ አትውጪ በያት፤ የእኔን ምክር እንደማትሰማ ግን አውቃለሁ፤ ያንቺ እህት አይደለች።

እንግዲህ ቤታችን ቅርስ ሆኗል። አንቺ «የድንጋይ ካፖርት» ያልሽው ቤት፣ ታቹ ጥርብ ድንጋይ፣ ላዩ በኖራ የተለሰነ፣ የእንጨት ሰገነቱ ማዕዘኑን እንደ ቀበቶ የዞረው፣ አሁን መዝገብ ላይ ቁጥር አለው። ሁለቱ መንገዶች የሚገናኙበት ጥግ የተቆረጠውም በስሕተት አይደለም አሉ። ሠሪው ሆን ብሎ ነው የቆረጠው፤ በሩ ከሁለቱም መንገድ የሚመጣውን ገበያተኛ እኩል እንዲያይ። ሠላሳ ዓመት ስገባበት ስወጣበት የተንሻፈፈ በር ነበር የሚመስለኝ።

ፀጉር አስተካካዩ ግን ተጎድቷል። ያንን ቀይ መብራት ያለውን የፕላስቲክ ማስታወቂያ አንሣ ተባለ። አነሣ። ከሥሩ በዘይት ቀለም የተጻፈ «ጫማ ሰፊ» የሚል ጽሑፍ ብቅ አለ፤ እሱም ቅርስ ነው፣ አይነካም ተባለ። አሁን ከሚመጡለት ሰዎች ግማሾቹ ጫማ አንጠልጥለው ነው። ጠዋት ጠዋት ሲያየኝ «ጋሼ፣ ፂም ልላጭ ወይስ ሶል ልምታ?» ይለኛል።

ወደ ዋናው ጉዳይ ልመለስ። ዙሪያውን የሄድኩት ፈርቼ ነው።

መሐንዲሷ በሁለተኛው ሳምንት የቤቱን የጥንት ንድፍ ይዛ ወደ ላይ ወጣች።

«አባባ፣ ንድፉ ላይ ስምንት መስኮት አለ። ከውጭ ስቆጥር ሰባት ነው። ስምንተኛው የት ሄደ?»

«እኔ አልወሰድኩም» አልኳት።

መኝታ ቤት ገባችና መጋረጃሽ ፊት ቆመች። አላወረድኩትም። ባዶ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ መጋረጃ ለእንግዳ ማስረዳት እንዴት እንደሚከብድ አታውቂም።

«ይሄ መጋረጃ እዚህ ምን ይሠራል?»

«የባለቤቴ ነው።»

«ግድግዳ ላይ?»

«እኔን ለማናደድ ነው የሰቀለችው።»

ገለጥ አድርጋ በጣቷ አንኳኳች። ድው፣ ድው። ከበሮ ነው የሚመስለው። ከዚያ ሜትሯን አውጥታ ለካች፤ የመጋረጃሽ ስፋት ንድፉ ላይ ካለው መስኮት ጋር አንድ ጣት እንኳ አይለያይም። ዞር ብላ አየችኝና «ባለቤትዎ ከእኔ ቀድመው አግኝተውታል» አለች።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት «ከዚህ ግድግዳ ኋላ መንገዱ ይሰማኛል፣ መስኮት ይከፈትልኝ፣ ታፈንኩ» ስትይ፣ እኔ «ግድግዳ ግድግዳ ነው፣ ከነካነው ጣሪያው ይወርድብናል» ስል ኖርኩ። ማስረጃዬ ለጥረዛ የመጣ የግንባታ መጽሐፍ ነበር። አንቺም «ጥራዝ ነጠቅ!» አልሽኝ። ለመጽሐፍ ጠራዥ ከዚህ የከፋ ስድብ የለም፤ ያናደደኝም እውነት ስለነበረ ነው። የመጽሐፉ ግማሽ ብቻ ነበር የመጣልኝ። ስለ መስኮት የሚያወራው ግማሹ አልመጣም።

ዛሬ አራት ዓመት በዚያ በተቆረጠው ጥግ ሻንጣሽን ይዘሽ ቆምሽና «መስኮት የከፈትክ ዕለት ጥራኝ» አልሽ። ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን ይዞ ደጁ ላይ ቆሞ ነበር፤ ደንበኛው በግማሽ ፂም። ከዚያ በየትኛው መንገድ እንደሄድሽ እንኳ አላየሁም። በሩ ሁለቱንም መንገድ ያሳያል፤ እኔ ግን ጫማዬን ነበር የማየው።

እንግዲህ ስሚ። አዲስ መስኮት መክፈት ክልክል ነው፤ የነበረውን መመለስ ግን ይፈቀዳል፤ እንዲያውም ይታዘዛል። ግንበኛ መጣ፣ መስኮቱ የተደፈነበትን ጡብ አንድ በአንድ እያወጣ በሁለት ቀን ጨረሰ። ጣሪያው አልወረደም። ግንበኛው በሠራ ቁጥር ቀና እያልኩ አይ ስለነበር አንገቴ ብቻ ታመመ።

አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ፀሐይ ትገባለች። ከፊት ለፊታችን ካለው የእንጨት መጋዘን ጣሪያ በላይ አልፋ፣ ከወንዙ ዳር ዛፎች መሀል ትመጣለች። መጀመሪያ የምታርፈው ባንቺ በኩል ባለው ትራስ ላይ ነው። ወደ እኔ ስትደርስ ትጠልቃለች። ፍርድ ነው፣ ይግባኝ አልልም።

መጋረጃውን አጥቤ መልሼ ሰቅየዋለሁ። አሁን ንፋስ ያወዛውዘዋል። ሲንቀሳቀስ ሳየው የመጀመሪያው ዕለት ደንግጬ «አቤት?» ብያለሁ።

ሌላም ልጽፍልሽ የሚገባ አንድ ዓረፍተ ነገር ነበረ። ወረቀት አለቀብኝ እንዳልል ጠራዥ ነኝ። ስትመጪ በቃል እነግርሻለሁ፤ በቃል ካቃተኝም አንቺ ታውቂዋለሽ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ከአፌ ስትጠብቂው የኖርሽው ነው።

መስኮቱ ተከፍቷል። ይኸው ጠራሁሽ።

የሄድሽበት ደጅ አይዘጋብሽ፣ ባለሽበት ብርሃን አይጉደልብሽ። ለእህትሽም ምርኩዟን ያቅልልላት።

ግማሽ መጽሐፍ ያነበበው ባልሽ

ሳልነግርሽ፦ መምጣትሽ ካልቀረ በዚህ ወር ቢሆን ጥሩ ነው። የፊት ለፊቱ የእንጨት መጋዘን ቅርስ አይደለም። ትናንት ጣሪያውን አንሥተው ቦታውን አጠሩት፤ አጥሩ ላይ የተሰቀለው ሰሌዳ ስምንት ፎቅ ይላል።